የጤነኛ ጨቅላ ሕፃናትን የአድሬናል ሆርሞን መለካት፦ ቁጥሩ ያለ ሰዓቱ

ለሕፃናት ሐኪሞች፣ ለአዋላጅ ነርሶችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

እንደምን ዋላችሁ። በአንድ የውጤት ወረቀት እንጀምር። ልጁ የ5 ቀን ነው። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ፣ 3 ኪሎ የሚመዝን፣ በደንብ ጠብቶ የሚተኛ ልጅ። ኮርቲሶሉ፣ ማለትም ዋናው የአድሬናል ሆርሞን፣ ተለክቶ 3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር መጣ። ወረቀቱ ላይ የታተመው ወሰን ግን የአዋቂ ሰው የጠዋት ወሰን ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ «ዝቅተኛ» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ይህ ልጅ የአድሬናል ድክመት አለበት? በዚህ ወረቀት ብቻ አለበት ማለት አይቻልም። ደህና በሆነ ጨቅላ ሕፃን በዘፈቀደ ሰዓት የተወሰደ ኮርቲሶል ከ5 ማይክሮግራም በታች መሆኑ ብርቅ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው ከጎኑ የተቀመጠው ወሰን ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ያን ትክክለኛ ወሰን እንዴት እንደምናገኝ ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር፦ የጨቅላ ሕፃን የአድሬናል ሆርሞን ውጤት ሦስት ነገሮች ካልተጻፉበት ዋጋ የለውም። የልጁ ዕድሜ በሰዓት፣ የተለካበት ዘዴ፣ ናሙናው ሲወሰድ ልጁ የነበረበት ሁኔታ። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጀመሪያው ነው፤ ማሽን ውድ ስለሆነ ይጠበቃል፣ ሰዓት ነፃ ስለሆነ ይረሳል።

ዕጢው ሲወለድ ምን ይመስላል?

አድሬናል ዕጢዎች በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ ይቀመጣሉ። ልጁ ሲወለድ ሁለቱ አንድ ላይ 8 ግራም ገደማ ይመዝናሉ፤ ይህ ከአዋቂ ሰው ዕጢዎች ክብደት ብዙም አይርቅም። ከሰውነት ክብደት ጋር ሲተያይ ደግሞ ከአዋቂው ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይሆናል። ይህን ያህል ያገዘፈው «የፅንስ ክፍል» የሚባለው የዕጢው ውስጠኛ ሽፋን ነው፤ ከዕጢው 80 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ይህ ክፍል 3-ቤታ ሃይድሮክሲስቴሮይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም እምብዛም ስለሌለው ኮርቲሶልን ብዙ አይሠራም። ዋና ምርቱ ዲኤችኢኤ ሰልፌት ነው፤ የእንግዴ ልጁ እሱን ተቀብሎ ኤስትሮጅን ይሠራበታል። እትብቱ ሲቆረጥ ተቀባዩ ይጠፋል። የፅንሱ ክፍልም በሳምንታት ውስጥ እየመነመነ ሄዶ በ6ኛው ወር ገደማ አብዛኛው አይገኝም።

ይህን የምናነሳው ለላቦራቶሪው ትልቅ መዘዝ ስላለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የልጁ ደም እንደ ፕሬግኔኖሎን ሰልፌትና 17-ሃይድሮክሲፕሬግኔኖሎን ሰልፌት ባሉ ከፅንሱ ክፍል በሚመጡ ውህዶች የተሞላ ነው። እነዚህ በቅርጻቸው ልንለካቸው ከምንፈልጋቸው ሆርሞኖች ጋር በጣም ስለሚመሳሰሉ የመለኪያ ኪቱን አንቲቦዲ ያታልላሉ። የአዋቂ ደም ላይ እንከን ያልታየበት ኪት ጨቅላ ሕፃን ላይ ሲደርስ የሚዋሸው ከዚህ የተነሣ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ሰዓት በሰዓት

ፅንሱ በእናቱ ኮርቲሶል እንዳይጥለቀለቅ የእንግዴ ልጁ አብዛኛውን ወደ ኮርቲዞን ይቀይረዋል። ስለዚህ በእትብት ደም ውስጥ ኮርቲዞን ከኮርቲሶል ይበልጣል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ግን ሚዛኑ ወደ ኮርቲሶል ያዘነብላል። ምጥ ራሱ ኮርቲሶልን ያንራል። በምጥ የተወለደ ልጅ የእትብት ደም ምጥ ሳይጀምር በቀጠሮ ኦፕራሲዮን ከተወለደው ልጅ ደም ከፍ ያለ ኮርቲሶል አለው። የሁለቱን ቡድን ቁጥሮች ሳይለዩ አንድ ላይ መቀላቀል ወሰኑን ያለ ምክንያት ያሰፋዋል።

የአዋቂ ኮርቲሶል ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ይላል። ጨቅላ ሕፃን ይህ ምት የለውም። ከ2ኛው ወር ወዲህ ቀስ በቀስ ይታያል፤ አንዳንድ ልጆች ላይ ከ6 ወር በኋላም ገና ያልተረጋጋ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ልጅ ላይ «የጠዋት 2 ሰዓት ኮርቲሶል» ብሎ ማዘዝ ነርሷን ከማስቸገር በቀር የሚጨምረው እውቀት የለም። በዚያ ዕድሜ ይበልጥ የሚወስነው ከመጨረሻው መጥባትና መተኛት በኋላ ያለፈው ጊዜ፣ ልጁ አልቅሶ ከነበረም ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ኮርቲሶልን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን በጨቅላ ሕፃን ዝቅተኛ ነው። እኛ የምንለካው ጠቅላላውን ኮርቲሶል በመሆኑ፣ ነፃው ክፍል በቂ ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ትንሽ መስሎ ይታያል።

ዕጢው ኮርቲሶልን ሲሠራ መሃል ላይ የሚገኘው 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ከሁሉም በላይ ሰዓት የሚጠይቅ ነው። በእትብት ደም ከ30 እስከ 90 ናኖሞል በሊትር ሊገኝ ይችላል። ይህ በጤነኛ ልጅ ላይ ነው። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን ተኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጊዜውን ጠብቆ በተወለደ ደህና ልጅ በ3ኛው ቀን በጥሩ ዘዴ ሲለካ ከ3 ናኖሞል በታች ይሆናል። የ21-ሃይድሮክሲሌዝ እጥረት፣ ማለትም ኮርቲሶልን ለመሥራት የሚያስፈልግ ኢንዛይም የጎደለበት የውርስ በሽታ፣ ይዞ በተወለደ ልጅ ግን አይወርድም፤ በከባዱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ240 ናኖሞል በላይ ነው። እንግዲህ የ10 ሰዓት ጤነኛ ልጅ 40 ናኖሞል፣ የ3 ቀን ልጅ 40 ናኖሞል አንድ ቁጥር ናቸው፤ ትርጉማቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ልጅ ደግሞ በሽታው ሳይኖርበት ለቀናት ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሁለተኛ ከፍታ አለ። ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ዕድሜ በወንድ ሕፃናት የወንዴ ፍሬ ለጊዜው ይነቃል፤ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮንም አብሮ ከፍ ይላል፤ ዓመት ሳይሞላቸው ይወርዳል። ይህ አድሬናል አይደለም። ወንድና ሴት ሕፃናትን በዚያ ዕድሜ በአንድ ወሰን መዳኘት ወንዶቹን ያለ ጥፋታቸው መክሰስ ነው።

የሰውነትን ጨው የሚቆጣጠሩት አልዶስቴሮንና ሬኒን በጨቅላ ሕፃን ከአዋቂ በእጅጉ ከፍ ይላሉ፤ የልጁ ኩላሊት ለአልዶስቴሮን የሚሰጠው ምላሽ ገና ደካማ ስለሆነ ሰውነቱ አብዝቶ ያመርታል። ዲኤችኢኤ ሰልፌት በወሊድ ሰዓት እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ከፅንሱ ክፍል ጋር አብሮ ይወርዳል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምንለው የለም፤ ግራፉ ቁልቁለት ብቻ ነው።

የእኛ ሰዓትና የማሽኑ ሰዓት

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እዚህ ላይ የተለየ ወጥመድ አለ። ካርድ የሚሞላው በእኛ ሰዓት ነው፤ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ ልጅ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ተወለደ እንበል። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደም ተወሰደ። ዕድሜው 35 ሰዓት ነው። የመውለጃ ካርዱ ላይ ያለው «4:00» ሳይቀየር ቢገባና ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት በማሽኑ በራሱ 9:00 ተብሎ ቢመዘገብ፣ ኮምፒውተሩ ልጁን 53 ሰዓት ያደርገዋል። በዚህ የ18 ሰዓት ስሕተት ልጁ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ካሉት ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ገና በመውረድ ላይ ያለ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮኑም እንደ በሽታ ይታያል። ጥናት ላይ ከሆነ ደግሞ ሳይታወቅ የቡድኑን የላይኛ ወሰን ይጎትታል።

ሌሊቱ ይብሳል። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የተባለ ልደት ለሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለማክሰኞ አጥቢያ? ልዩነቱ ሙሉ 24 ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ የእኛን ሰዓትና የፈረንጁን ሰዓት በሁለት ሣጥን ለየብቻ ማስጻፍ፣ ከሌሊት 6 ሰዓት በኋላ ለተወለዱት «ለየትኛው ቀን አጥቢያ» የሚል መስመር መጨመር ይበቃል። ዕድሜውን ደግሞ ሰው አያስላው፤ ቀመሩ ያስላው። ጳጉሜን መሃል ሲገባ የቀን ልዩነት በእጅ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። ቤት የተወለደ ልጅ ሰዓቱ በትክክል ካልታወቀ በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት ቡድን ውስጥ ባይገባ ይሻላል፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ላለው ቡድን ግን ምንም ችግር የለውም።

ጤነኛ የሚባለው ማን ነው?

መደበኛ ወሰን የሚወጣው ከጤነኞች ስለሆነ ጤነኛ የሚለውን ቃል በቁጥር መወሰን ግድ ነው። እንደ መነሻ፦ ከ37 እስከ 41 ሳምንት የተወለደ፣ ከ2,500 እስከ 4,000 ግራም የሚመዝን፣ በ5ኛው ደቂቃ የአፕጋር ነጥቡ (ሲወለድ ያለበትን ሁኔታ የሚመዝነው ነጥብ) 7 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ያልገባ። የእርግዝናው ዕድሜ በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ቢደገፍ ጥሩ ነው፤ በወር አበባ ትዝታ ብቻ የተቆጠረ 37 ሳምንት 35 ሊሆን ይችላልና።

ከእናት በኩል የሚጠየቀው ዋናው ነገር ስቴሮይድ ነው። ያለ ጊዜው ምጥ ይመጣል ተብሎ ለሳንባ ማጎልመሻ ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ 4 ጊዜ የተሰጣት እናት ምጧ ቆሞ በጊዜው ልትወልድ ትችላለች፤ መቼ እንደተሰጣት ይመዝገብ። ዴክሳሜታሶንም ሆነ ቤታሜታሶን የእንግዴ ልጁን በቀላሉ አልፈው የልጁን ዕጢ ለቀናት ያፍናሉ። የአስም መንፊያ፣ የመገጣጠሚያ መርፌ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ የፊት ማንጫ ቅባት ሁሉ ይጠየቅ። «መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲባሉ ቅባትን መድኃኒት ብለው የማይቆጥሩ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ቅባቱን ነጥላችሁ ጠይቁ። የልጁን የዳይፐር ቁስል ለማዳን የተቀባ ሃይድሮኮርቲሶንም በሰብሳቢው ጣት በኩል ናሙና ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሃይድሮኮርቲሶን ማለት ኮርቲሶል ራሱ ስለሆነ ማንኛውም ማሽን አይለየውም።

በዚህ ማጣራት ግን መብዛት የለበትም። በኦፕራሲዮን የተወለዱትን ሁሉ፣ ቀላል ቢጫነት ያለባቸውን ሁሉ ካወጣችሁ የሚቀረው ወሰን ዋርድ ውስጥ ለሚመጣው ልጅ የማይመስል ይሆናል። የእኛ ምርጫ እነዚህን ማስገባት፣ ግን መመዝገብና በትንተናው ላይ መለየት ነው።

ቀኑንም ምረጡ። ወንድ ልጅ በ8ኛው ቀን የሚገረዝበት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በዚያ ቀንና በማግሥቱ የሚወሰድ ኮርቲሶል የሥቃይ ኮርቲሶል ነው። ለክትትል ቀጠሮ የክትባቱን ቀን መጠቀም አዋጭ ነው፤ እናት ክርስትናው በ40 ወይም በ80 ቀን ሳይደርስ ለጥናት ብላ ከቤት ላትወጣ ትችላለች፣ ለ45 ቀኑ ክትባት ግን ትመጣለች። 6፣ 10 እና 14 ሳምንት፣ ከዚያ 9 ወር። ደሙ ከመርፌው በፊት ይወሰድ እንጂ በኋላ አይሁን። የ6 ሳምንቱ ቀጠሮ ደግሞ ቀደም ብለን ካነሳነው የወንድ ሕፃናት ከፍታ ጋር በትክክል ስለሚገጥም ጾታን መለየት እዚህ ላይ አማራጭ አይደለም።

ደሙ

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ልጅ በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው። ባለ 3 ኪሎው ልጅ በጠቅላላ 240 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ከአንድ የውኃ ብርጭቆ ብዙም አይርቅም። ለምርምር የሚወሰድ ደም ላይ የአውሮፓ መመሪያ ያስቀመጠው ገደብ በአንድ ጊዜ ከጠቅላላው ደም 1 በመቶ፣ በ4 ሳምንት ውስጥ 3 በመቶ ነው። ለዚህ ልጅ በአንድ ጊዜ 2.4፣ በወር 7.2 ሚሊ ሊትር። ገደቡ ላይ መድረስ ግን ግብ አይደለም፤ ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ማቀድ ይሻላል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የጨቅላ ሕፃን ሄማቶክሪት (ከደሙ ውስጥ ቀይ ሕዋሳት የሚይዙት ድርሻ) ከፍተኛ ነው፤ ከ45 እስከ 65 በመቶ ይደርሳል። ከ1 ሚሊ ሊትር ደም የሚገኘው ሴረም 0.3 ወይም 0.4 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያም ላይ ማሽኑ በናሙና ኩባያው ታች ላይ ሳይጠቀምበት የሚያስቀረው መጠን አለ። ስንት ሆርሞን በስንት ማይክሮ ሊትር እንደሚለካ ሳታሰሉ ልጅ አትውጉ፤ «ናሙናው አነሰ» ተብሎ የተጣለ ደም ከምንም በላይ የሚያሳዝን ነው።

ተረከዝ ሲወጋ፦ ተረከዙን በሞቀ ጨርቅ፣ ሙቀቱ ከ42 ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማሞቅ። በ70 በመቶ አልኮል መጥረግና እስኪደርቅ መጠበቅ፤ ያልደረቀ አልኮል ቀይ ሕዋሳትን ያፈነዳል፣ ደሙንም ያቀጥናል። የሚወጋው ከተረከዙ በታች በውስጥ ወይም በውጭ ጎን ነው እንጂ ከኋላ በኩል ያለው ጉብታ አይደለም፤ እዚያ አጥንቱ ለቆዳው ቅርብ ነው። ጥልቀቱ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥ፣ ለጥቃቅኖቹ ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል። የመጀመሪያው ጠብታ የሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ስለያዘ በጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ደሙ በራሱ ክብደት ይንጠባጠብ። ተረከዙን እንደ ሎሚ መጭመቅ ፈሳሽ ይቀላቅላል፣ ቀይ ሕዋስ ያፈነዳል፣ ፖታሲየሙን በውሸት ያንራል፤ አድሬናልን የሚያዝዘው የአንጎል ሥር ዕጢ ሆርሞን ኤሲቲኤች ካለበትም ያጠፋዋል። ፖታሲየም 7.5 ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደሙ እንዴት ነበር የወጣው?» ነው። ብዙ ደም ከተፈለገ የእጅ ደም ሥር ከተረከዝ ይሻላል፤ ሥቃዩም ያንሳል።

ሥቃይ ኮርቲሶልን በደቂቃዎች ውስጥ ማንሳት ይጀምራል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ ከተነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰዓት ይያዝና ናሙናው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠናቀቅ። የመጀመሪያው ውጊያ ሳይሳካ ቀርቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተደገመው ናሙና ሌላ ናሙና ነው። ይመዝገብ እንጂ የመነሻ መለኪያ ተብሎ አይቆጠር። ልጁ በእናቱ ደረት ላይ እየጠባ መውጋት ሥቃዩን ይቀንሳል፤ ለጥናቱ ሲባል ይህን ማስቀረት ተገቢ አይደለም። ይልቅ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ይደረግ።

ቱቦው ሌላ ፈተና ነው። ኤሲቲኤች ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ባለበት ፕላስቲክ ቱቦ፣ በበረዶ ላይ፣ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ፣ ወዲያው ወደ ፍሪዘር። ሬኒንም ኢዲቲኤ ነው፤ እሱ ግን በረዶ አይወድም። ቅዝቃዜ ያልነቃውን ፕሮሬኒን ስለሚያነቃው በረዶ ላይ የቆየ ፕላዝማ በሐሰት ከፍ ያለ ሬኒን ይሰጣል። በክፍል ሙቀት ተለይቶ ወዲያው ይበርዳል። ሁለቱን አንድ ቱቦ ውስጥ ወስዶ አንድ በረዶ ላይ መክተት የተለመደ ጥፋት ነው። ኮርቲሶልና ሌሎቹ ስቴሮይዶች ግን ታጋሾች ናቸው፤ የተለየ ሴረም በማቀዝቀዣ ቀናት፣ በፍሪዘር ወራት ይቆያል። መብራት ሲጠፋ የሚቀልጠውና መልሶ የሚበርደው ናሙና ግን አይታመንም። የፍሪዘሩን ሙቀት በራሱ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ከመግዛት የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም የለም።

የተረከዝ ደም የሚንጠባጠብበትን የወረቀት ካርድ በተመለከተ፦ ክቡ በአንድ ጠብታ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ይሞላ፤ ጠብታ በጠብታ ላይ ከተደረበ መጠኑ ይበዛል። ቢያንስ 3 ሰዓት አግድም ተዘርግቶ ከፀሐይ ርቆ ይድረቅ፤ ሳይደርቅ ፖስታ ውስጥ አይግባ። ከካርዱ የምትቆረጠው የ3.2 ሚሊ ሜትር ክብ 3 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ብቻ ትይዛለች፤ ስለዚህ ጥቂቷ ስሕተት ትልቅ ናት። ከቱቦ በመርፌ ተቀድቶ ካርድ ላይ የተንጠባጠበ የኢዲቲኤ ደም በተለይ አደገኛ ነው። በብዙ ላቦራቶሪ የሚሠራው ዘዴ ብርሃን የሚሰጠው ዩሮፒየም በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ኢዲቲኤ ዩሮፒየሙን ይይዘዋል፣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ በዚህ ዓይነቱ የፉክክር ምርመራ ደግሞ ያነሰ ብርሃን ማለት የበዛ ሆርሞን ማለት ነው። በዚያው ካርድ ላይ የታይሮይድ ምርመራው ግን በተቃራኒው በሐሰት ዝቅ ይላል። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ካያችሁ መጀመሪያ ቱቦውን ጠርጥሩ።

ምራቅ ያለ መርፌ ነፃውን ኮርቲሶል ያሳያል፤ ለዚህ ይወደዳል። ችግሩ ወተት ነው። የጡት ወተት ራሱ ኮርቲሶል አለው፣ እሱም ከእናቱ ምት ጋር ይለዋወጣል። ከጠባ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ቢቻል 1 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የ3 ቀን ልጅ ግን በዚህ መሃል ወይ ይተኛል ወይ ያለቅሳል። መሰብሰቢያው ጫፉን ሰው የሚይዝለት ረጅም ለስላሳ ስፖንጅ ይሁን፤ አጭሩ ያንቃል፤ ጥጥ ደግሞ ውጤቱን ያዛባል። ምራቅ እንዲመነጭ ብሎ ሎሚ ወይም ስኳር ማስነካት አሲዳማነቱን ስለሚቀይር አይደረግ።

ማሽኑ

አሁን ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። በአንቲቦዲ የሚሠራ ምርመራ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን የፅንሱ ክፍል ውህዶች እንደ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን ሆነው ይቀርቡለታል። ሰልፌት ያለባቸው ውህዶች ውኃ ስለሚወዱ በኦርጋኒክ ሟሟ ናሙናውን ማጠብ ከእውነተኛው ሆርሞን ይለያቸዋል፤ ካርድ ላይ በቀጥታ የሚሠራው ኪት ይህን እርምጃ ስለማያደርግ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ልጅም ኮርቲሶሉ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል።

ማስ ስፔክትሮሜትሪ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ይለያል፤ በ100 ማይክሮ ሊትር ሴረም ከአሥር የማያንሱ ስቴሮይዶችን በአንድ ጊዜ ይለካል። ለጨቅላ ሕፃን ከዚህ የተሻለ የለም። እሱም ግን ዓይነ ስውር የሚሆንበት ቦታ አለ። 11-ዲኦክሲኮርቲሶል፣ 21-ዲኦክሲኮርቲሶልና ኮርቲኮስቴሮን ክብደታቸው አንድ ነው፤ ውህዶቹን ቀድሞ የሚለያየው ክሮማቶግራፊ በጊዜ ካልለያቸው ማሽኑ አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮንና 11-ዲኦክሲኮርቲኮስቴሮንም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ሆርሞን በዲውቴሪየም የከበደ የውስጥ መመዘኛ ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት ይጨመር፤ በማጠቢያው ላይ የጠፋው ስንት እንደሆነ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደረቅ በረዶውና የቁስ ማስተላለፊያ ስምምነቱ ከናሙናው በፊት ይዘጋጁ።

በሁለቱ ዘዴ የወጡ ቁጥሮች አይለዋወጡም። ከመጽሔት የተገኘ በማስ ስፔክትሮሜትሪ የተሠራ ወሰን በአንቲቦዲ ኪት ላይ መለጠፍ ጤነኞችን በሽተኛ ያደርጋል። አሃዱንም እዩ፦ 1 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ኮርቲሶል 27.6 ናኖሞል በሊትር ነው፤ 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን 3 ናኖሞል ያህል ነው።

ስንት ልጅ ይበቃል?

የታወቀው መመሪያ ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ 120 ልጅ ይላል። ከታች 2.5 በመቶውን፣ ከላይ 2.5 በመቶውን ስትቆርጡ ወሰኑ የሚያርፈው ከዳር 3ኛው ልጅ ላይ ነው፤ ከዚያ ካነሰ የወሰኑን መተማመኛ መስጠት አይቻልም። ዕድሜን በ8 ቡድን፣ ከዚያ በጾታ ከከፈላችሁ ብዛቱ ወደ 2,000 ይጠጋል። አብዛኛው ላቦራቶሪ ይህን አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። በተመሳሳይ ዘዴ ሌላ ቦታ የተሠራ ጥሩ ወሰን ወስዶ በራስ አካባቢ 20 ጤነኛ ልጆች ላይ መፈተሽ ይቻላል። ከ20ው ከወሰኑ የወጡት 2 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ይያዝ፤ 3 ወይም 4 ከሆኑ ሌላ 20 ይጨመር፤ 5 ከደረሱ ወሰኑ የእናንተ አይደለም።

ከአንድ ልጅ 4 ጊዜ የተወሰደ ናሙና 4 ልጅ አይደለም። ከመለኪያው አቅም በታች የወረደውን ውጤት ዜሮ ብሎ መጻፍም ስሕተት ነው፤ «ከዚህ በታች» ተብሎ ይመዝገብ። ስርጭቱ ወደ ቀኝ ስለሚረዝም አማካይና መደበኛ ልይይት ከመውሰድ በፊት ወደ ሎጋሪዝም ይቀየር።

ጤነኛ የተባለው ልጅ ጤነኛ ሳይሆን ሲቀር

እ.ኤ.አ. በ1977 ከተረከዝ ካርድ ላይ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮንን መለካት እንደሚቻል ከታየ ወዲህ ብዙ አገሮች ሁሉንም አራስ ለ21-ሃይድሮክሲሌዝ እጥረት ይመረምራሉ፤ ስዊድን ከ1986 ጀምሮ፣ አሜሪካ በሁሉም ግዛቶቿ፣ እስራኤልም እንዲሁ። እዚያ የሚኖሩ ወላጆች ከተረከዝ ምርመራ በኋላ «ይደገም» ተብለው ሲጠሩ አብዛኛው ጥሪ በሐሰተኛ ከፍታ የተነሣ መሆኑን ማወቅ አለባቸው፤ ድጋሚውን ግን ለነገ ማለት የለባቸውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሁሉም ሕፃን የሚደረግ እንዲህ ያለ ምርመራ ስለሌለ የጤነኞች ጥናት ራሱ አንድን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኝበት አጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። በከባዱ ዓይነት እጥረት ጨው የማጣት ቀውሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1ኛው እስከ 3ኛው ሳምንት ይከሰታል። ናሙናዎችን ለ6 ወር አጠራቅሞ በአንድ ቀን መለካት ለላቦራቶሪ ይመቻል፤ ለዚያ ልጅ ግን አይደርስለትም። ስለዚህ ቢያንስ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን በየሳምንቱ ይለካ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፊት የሚቀርበው ሰነድም ውጤቱ ከፍ ቢል ማን፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ በየትኛው ስልክ ለቤተሰቡ እንደሚደውል ይጻፍበት።

የተጠራው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ይመዘን፤ ከልደት ክብደቱ ጋር ይተያይ። ብልቱ ይታይ፦ ሴት ልጅ ቂንጥሯ መተለቁ፣ «ወንድ» በተባለው ልጅ የወንዴ ፍሬ በከረጢቱ ውስጥ አለመዳሰሱ ትልቅ ምልክት ናቸው። ወንዱ ልጅ ግን ምንም ሳይታይበት ሊታመም ይችላል። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ የደም ስኳር በዚያው ሰዓት ይለካ፤ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮኑ ከደም ሥር በተወሰደ ሴረም ይደገም። ልጁ ከደከመ፣ ካስታወከ ወይም ድርቀት ካለበት ለምርመራ የሚሆነው ደም ይወሰድና ውጤት ሳይጠበቅ ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም በካሬ ሜትር፣ ለአራስ በተለምዶ 25 ሚሊ ግራም ይሰጥ፤ 0.9 በመቶ ሳላይን በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ይገባለት፤ ስኳሩ ዝቅ ካለ ዴክስትሮዝ ይጨመር። ደም ሥር ካልተገኘ ሃይድሮኮርቲሶኑ በጡንቻ ይወጋ።